አንድ ከሃምሳ በጉኑኖ፣ ሦስት ብር በአዋሽ

ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ ገበያ ወርጄ ነበር። የምገዛው በርበሬና ሁለት እስር ጎመን ብቻ ነው፤ የጡረታ ደመወዝ ከዚያ በላይ ዘንቢል አያስይዝም። ከቅቤ ተራው ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ለጋው ቅቤ የተጠቀለለበት የእንሰት ቅጠል እንደረጠበ ነው፤ ያ የቅጠልና የቅቤ ሽታ ሲቀላቀል ከየትኛውም ፎቶግራፍ ይልቅ ወደ ኋላ ይዞኝ ይሄዳል። እንደቆምኩ አንዲት ቀጭን ልጅ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣችና ከሻጯ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ዛሬ ኪሎውን በስንት እየሸጡ ነው?»

ሻጯ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ልትገዢ ነው ልትጽፊ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ደንግጣ ዞራ አየችኝ። «አይዞሽ ልጄ፣» አልኳት፣ «እኔንም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ።» ከሰላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት በዚያች ጥያቄ ነው። ዋጋ ሰብሳቢ ነበርኩ። በወር ሁለት ጊዜ ከሶዶ ገበያ ተነሥቼ ቦዲቲን፣ አረካን፣ ጉኑኖን እያዳረስኩ የበቆሎውን፣ የቅቤውን፣ የጨውን፣ የላምባውን ዋጋ እየጠየቅሁ በሰማያዊ እስክሪብቶ መጻፍ ነበር ሥራዬ። ገበያተኛው ስሜን ስለማያውቅ «ዋጋ ጻፊዋ» ይለኝ ነበር። ስሜ አሰለፈች ነው።

ዓመቱ መቼ ነበር ብትሉኝ ቁርጡን አልነግራችሁም። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ የሚታደልበት፣ ወንዶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው የሱሪያቸውን እግር ያሰፉበት ዘመን ነበር። እኔም ከጉልበቴ በታች የምትወርድ ቡናማ ጉርድ ቀሚስና ሸራ ጫማ ነበረችኝ፤ የጉኑኖ ጭቃ ሸራዋን በክረምት ቀይ፣ አቧራው ደግሞ በበጋ ግራጫ ያደርጋት ነበር። ከዳሞታ ተራራ ሥር በአሥራ አምስት ብር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። ደመወዜ መቶ ሰማንያ ነበረ፤ ከእሱ ላይ ለእናቴ ሰጥቼ፣ ወር ሙሉ በልቼ፣ አንዳንድ ቅዳሜ አውቶቡስ መናኸሪያው ማዕዘን ካለው ሻይ ቤት ጓደኞቼን ፓስቲ በሻይ እጋብዛለሁ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ቴፑን ከፍ ያደርግና ዘፈኑ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል፤ ከማዶ ደግሞ የመዘምራኑ ልምምድ ከጸሎት ቤቱ ይመጣል፤ ሁለቱ መሀል አስፋልቱ ላይ ይገናኙና አንድ ዘፈን ይመስሉ ነበር። አሁን በዚያ ማዕዘን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ምድር ቤቱ ባንክ ነው። ባጃጆቹ ከፊቱ ተሰልፈው ጡሩምባቸውን ይነፋሉ።

አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እኔ ግን ወላይትኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፌን የፈታሁበት ነው፤ ለሥራውም የመረጡኝ ለዚህ ይመስለኛል። ቢሆንም ቋንቋ ማወቅ ብቻ አይበቃም። ወረቀትና ሚዛን የያዘ ሰው ገበያ ውስጥ ሲታይ ሁሉም ግብር መጣ ብሎ ነው የሚያስበው። ጉኑኖ ላይ አንዲት ቅቤ ሻጭ ነበረች፤ ባሎቴ የምትባል፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት። ገና ከሩቅ ስታየኝ ቅቤዋን በቅጠል ትሸፍንና ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ሁለት ገበያ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዝናብ በድንገት ወረደ። መጠጊያ አጥቼ መጠይቄን በደረቴ ሸፍኜ ስቆም፣ ባሎቴ ከተቀመጠችበት አንድ ትልቅ የእንሰት ቅጠል አንሥታ መጣችና ከራሴ ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ ደፋችው።

«አንቺ ትደርቂያለሽ፤» አለች፣ «ወረቀት ከረጠበ ግን ይሞታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚቼ፣ እህቴ እንደ ማለት ነው፣ እያለች ትጠራኝ ጀመር። ጉኑኖ ስደርስ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሷ ነው። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅላ በሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ታቀርብልኛለች፤ ዳጣው እንባዬን እያወረደው እበላለሁ፤ እሷ ትስቅብኛለች።

ባሏ አንጁሎ ይባላል። አምስት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ለእሱ የደረሰችው ከጎጆዋ ፊት እስከ እንሰቱ ጀርባ ያለችው ናት። የቀን ሥራ በጉኑኖ ዙሪያ ከተገኘ አንድ ብር ከሃምሳ ይከፈል ነበር፤ ከተገኘ ነው። በአዋሽ ሸለቆ የሸንኮራ እርሻ ግን በቀን ሦስት ብር ይከፈላል ተባለ። ሦስት ብር! ያን ቁጥር ሰው እንደ ዘፈን ይደጋግመው ነበር። የጭነት መኪናው መጥቶ ጎረምሶቹን ሲጭን አንጁሎም አብሮ ተሳፈረ።

የመጀመሪያው ጊፋታ ሲደርስ መጣ። ጊፋታ ለወላይታ አዲስ ዓመት ብቻ አይደለም፤ የትም የሄደ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። ከቦዲቲ ጀምሮ መኪኖቹ በዘፈን እየተናወጡ ይገባሉ። አንጁሎ ያን ዓመት ቀይ ራዲዮ፣ ለራሱ ጃኬት፣ ለባሎቴ ደግሞ አበባ ያለበት ቀሚስ ይዞ ነበር የመጣው። ሠንጋው ሲታረድም ድርሻውን ከፈለ። በሁለተኛው ጊፋታ ግን አልመጣም። በሦስተኛውም አልመጣም። ከእሱ ጋር ሄደው ለጊፋታ የመጡት ሁለት ጎረምሶች «ደህና ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ብርም አይልክም። በጊፋታ ባሏ ያልመጣ ሴት ምን እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎረቤት ሁሉ ሥጋ ይዞላት ይመጣል፣ እሷ ግን ሥጋው አይደለም የሚታያት።

የባሎቴ ታላቅ ወንድም ማጃ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር፤ የተከበረ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው። እሱ ቆረጠ። «በቀን ሦስት ብር የሚያገኝ ሰው ለሚስቱ ጨው መግዣ የማይልከው ሌላ ሚስት ስላለው ነው፤» አለ። «ላሟን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ።» ቀኑም ተቆረጠ።

ባሎቴ ይህን የነገረችኝ ቅቤዋን እየመዘንኩ ሳለ ነው። አላለቀሰችም። እጄን ከነሚዛኑ ያዘችና፣ «ሚቼ፣ አንቺ የሁሉን ዋጋ ትጽፊያለሽ፤» አለችኝ። «እዚያ አገር ሰው በቀን በስንት ይኖራል?»

የአራት ገበያ ዋጋ በቃሌ ይዤ እዞራለሁ፤ የአዋሽን ግን አላውቅም። «እጠይቅልሻለሁ፤» አልኳት፤ ማጃንም ቀኑን እንዲያራዝም ለመንነው።

አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ሰይፉ ከሚባል፣ በአዋሽ በኩል እንደ እኔ ዋጋ ከሚሰበስብ ሰው ጋር ተዋውቄ ነበር። ለእሱ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ግልጽ ነው፤ የመጠይቁ ዝርዝር ታትሞ ሳይወጣ ለማንም አይታይም። ያንን ጥሶ የተገኘ ከሥራ ይባረራል። ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። በመጨረሻ ፖስታው መጣ፤ ውስጡ በካርቦን የተገለበጠ ዝርዝር፣ ከሥሩ ደግሞ በእጁ የጻፋት አንዲት መስመር ነበረች፦ «እህት አሰለፈች፣ እኔም ልጆች አሉኝ፤ አደራ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ የአዋሹንና የጉኑኖውን ዝርዝር ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። በአዋሽ ዳቦው እጥፍ ነው። ጎመኑ ሦስት እጥፍ። ውሃ በባልዲ ይሸጣል። መኝታ የሚከፈለው ለቤት አይደለም፣ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል ምንጣፍ ለሚነጠፍበት ቦታ ነው። ማገዶ ዋጋ አለው፣ የወባ ክኒንም ዋጋ አለው። ወደ ጉኑኖው ወረቀት ስመለስ ግን የማላውቀውን ነገር ከራሴ ጽሕፈት ላይ አገኘሁ። ውሃ የሚለው መስመር ላይ «አይሸጥም» ብዬ አልፌአለሁ። ቤት ኪራይ፣ «አይሸጥም»። ማገዶም እንደዚያው። ስንት ዓመት በየወሩ ያንን ቃል እየጻፍኩ አልፌዋለሁ! ሰው የሚኖረው በእነዚያ መስመሮች ላይ እንደሆነ አስተውዬ አላውቅም ነበር። በዝናብ ቀንና በሕመም ቀን ክፍያ እንደሌለ ሰይፉ ጽፎልኛል፤ ያንን ሳስገባበት የአዋሹ ሦስት ብር ከጉኑኖው አንድ ከሃምሳ በታች ሆኖ ቁጭ አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት በኋላ በማጃ ግቢ ወንድሞቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ባሎቴ ከእንሰቱ ሥር ለብቻዋ ተቀምጣለች። ወረቀቱን በወላይትኛ መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። ውሃ በብር ይሸጣል ስል አንዱ ታናሽ ወንድም ሳቀ፤ ማጃ በዓይኑ ዝም አሰኘው።

«እንግዲህ፣» አለ ማጃ፣ «ብሩን አገሩ እየበላው ነው የምትይን።»

«አዎ፣ ጋሼ ማጃ።»

«ሌላ ሚስት የለውም ማለት ነው?»

ለእሷ ብዬ የለውም ማለት ፈልጌ ነበር። ግን፣ «ወረቀቴ ያንን አይናገርም፤» አልኩ። «ወረቀቴ የሚናገረው ብር መላክ እንደማይችል ነው። መሳፈሪያም አጥቶ ይሆናል። በጊፋታ ባዶ እጁን መምጣት አፍሮ ይሆናል።»

ከዚያ ባሎቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «የቅቤውን መስመር አንብቢልኝ፤» አለች። አነበብኩላት። የአዋሽ ቅቤ ኪሎው ከጉኑኖው ሦስት እጥፍ ነበር። አንገቷን ነቀነቀች። «መሳፈሪያዬን አግኝቻለሁ። ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ። ያየሁትን ተመልሼ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምትሉትን እሰማለሁ።»

ከራሷና ከጎረቤት ሴቶች ቅቤ ሰብስባ በአራት ቅል ሞላች። ከሶዶ ተሳፍራ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ከሻሸመኔ ወዲያ የትም ረግጣ የማታውቅ ሴት፣ ቅሎቿን በነጠላ አስራ፣ የሰይፉን ስም በወረቀት ይዛ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ፣ «ሚቼ፣ የላሜን ነገር አደራ!» ብላ ጮኸች። እኔ ላም ጠብቄ አላውቅም። ግን እሺ አልኩ፤ ሁለት ቅዳሜ ጉኑኖ ሄጄም ላሟን አየሁላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። አዎ፣ ሁለቱም። አንጁሎን ከመኪናው ሲወርድ ሳየው አላወቅሁትም፤ ወባ አጥንቱን አስቀርታው ነበር። ባሎቴ ግን ከመኪናው ሳትወርድ ገና መሳቅ ጀመረች። «ወረቀትሽ ኪሎ ኪሎ ይላል፤» አለችኝ፣ «ናዝሬትን ሳንደርስ ቀልጦብኝ እኔ በብርጭቆ ነው የሸጥኩት!» ለማጃም ለወንድሞቿም የነገረቻቸው አንድ ነገር ነው፦ ዋጋ ጻፊዋ እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት። ታሟል፣ ብሩ ለውሃና ለምንጣፍ አልቋል፣ አፍሮ ነው የቀረው። ማጃ የአንጁሎን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ይቅርታ ጠየቀው። በዚያ ቀን የጉኑኖ ሰው ፊት ላይ ያየሁት እፎይታ ለብዙ ዓመት ደሞዝ ሆኖኝ ኖሯል።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። ወሬው ግን ዞረ። ከወር በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ በሩ ላይ ሰባት ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። አንዱ፣ «የጅማው ቡና ለቀማ ስንት ያስቀራል?» ይላል። ሌላው ስለ ሐዋሳ እርሻ ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ልጃቸው አዲስ አበባ ዘበኛ ሊሆን ነውና የአዲስ አበባን ውሃ ዋጋ ፈልገው ከአረካ በእግራቸው መጥተዋል። አለቃዬ አቶ መኮንን ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ከረባታቸውን በጸሐይም አይፈቱም። አስጠሩኝ።

«ወይዘሪት አሰለፈች፣ እነዚህ ሰዎች ዋጋ የሚጠይቁት ከማን ሰምተው ነው?»

አልዋሸሁም። የሰይፉን ስም ብቻ ደበቅሁ፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሁሉንም ከነገርኳቸው በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሰውዬው መጣ?»

«መጣ፣ ጋሼ።»

«መልካም።» መነጽራቸውን አጠለቁና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን ፈረሙ። የዚያ ዓመት ጭማሪ ቀረብኝ፤ ወደ ሐዋሳ በእድገት ልዛወር የነበረውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሐዋሳ ቢሆን ደመወዜ ሁለት መቶ ሰባ ይሆን ነበር። ሁለቱን ከተማ አወዳድሬ አላውቅም፤ ላወዳድር ስነሣ ሁልጊዜ ቦዬና ዳጣው ፊቴ ላይ ድቅን ይልና እተወዋለሁ። ሽማግሌውን ግን ያን ቀን ዝም ብዬ አልመለስኳቸውም። ውጪ ድረስ ወጥቼ፣ «አባቴ፣ እዚያ ውሃውም ቤቱም በብር ነው፤ ልጅዎ ሲሄድ ይህን አስቦ ይሂድ፤» አልኳቸው። ይህን ለማለት መጠይቅ አያስፈልግም።

ባሎቴ ቅቤ ወደ አዋሽ መላኩን ሥራዬ ብላ ያዘችው። አንጁሎ ዳግመኛ አልሄደም። አራት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ መምህራን ሆኑ። የመጀመሪያዋን አሰለፈች አሏት። ዛሬ ያቺ ልጅ የራሷ ልጆች አሏት፤ ትልቁ አዲስ አበባ ልቀጠር ወይስ እዚሁ ልቅር ብሎ ስልኩ ላይ የቤት ኪራይ ሲያወዳድር አይቼዋለሁ። እናቱ በወር የምታገኘው እኔ ያኔ በብዙ ዓመት የማገኘው ነው፤ ግን በደመወዟ ማብቂያ ላይ ጤፍ መግዛት ያስጨንቃታል። ቁጥሩ አደገ፣ ጭንቀቱ ግን ያው ነው።

ባሎቴ ካቻምና አረፈች። ቀብሯ ላይ ጉኑኖ በሙሉ ተገኝቶ ነበር። ካረፈች ከጥቂት ወር በኋላ አንጁሎ ከትልቋ ልጁ ጋር በባጃጅ ቤቴ መጣ። ጎብጧል። ልጁ ሱቅ ድረስ ልውጣ ስትል እሱ እንደሆነ የላካት ገባኝ። በረንዳ ላይ ተቀምጠን የወተት ሻይ ሰጠሁት፤ ሳይጠጣው በረደ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት፤» አለ። «እሷ እያለች መንገር አልቻልኩም። ያንን ወረቀት የጻፍሽ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ይናገሩ፣ ጋሼ አንጁሎ።»

«ወረቀትሽ እውነት ነበር። አገሩ በልቶኛል። ነገር ግን ሴት ነበረች።»

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

«ለሠራተኛ ዳቦ የምትሸጥ ሴት ናት። ወባ ሲጥለኝ ከምንጣፉ ላይ አንሥታ ቤቷ አስገባችኝ። ውሃ ገዝታ አጠጣችኝ። ከዚያ በኋላ እዚያው ቀረሁ። ባሎቴ የመጣች ቀን ሴትየዋ ገበያ ነበረች። ባሎቴ በሩን ከፍታ ገባች፤ እኔን አየች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሴት ቀሚስ አየች። አጠገቤ ተቀምጣ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች። ‹መነሣት ትችላለህ?› አለችኝ። እችላለሁ አልኳት። ‹እንግዲያው እንሂድ። ወንድሞቼ ብርህን አገሩ እንደበላውና አፍረህ እንደቀረህ ያውቃሉ፤ ዋጋ ጻፊዋ አንብባላቸዋለች፤› አለች።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ገባሽ? በወረቀትሽ ነው የሸፈነችኝ። እኔ ምን ብዬ አገሬ እገባ ነበር? አርባ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን፣ ተጣልተን እንኳ፣ ያንን ቀሚስ አንሥታ አታውቅም።»

«ጋሼ፣» አልኩት፣ «ሴትየዋስ?»

አንጁሎ መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ።

«ባሎቴ ከአራቱ ቅል ሦስቱን ነው የሸጠችው፤» አለ። «አራተኛውን ልንወጣ ስንል ከሴትየዋ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠችው። ምነው አልኳት። ‹ስትታመም ውሃ ገዝታ ያጠጣችህ እሷ ናት፤ ባዶ ቤት ትቼላት አልሄድም፤› አለችኝ።»